ጀርባዋን የሰጠችው ልብስ አጣቢ

ደራሲ ጡረታ አይወጣም ይባላል። እኔ ወጥቻለሁ። የሽኝት ግብዣ አልተደረገልኝም፣ የግድግዳ ሰዓትም አልተሸለምኩም። አንድ ቀን ጠዋት እስክሪብቶ ሳነሳ እጄም ልቤም እምቢ አሉኝ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ካለችው ቤታችን ደጃፍ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ጠዋት ሚኒባስ ለመያዝ የሚሮጠውን፣ ማታ ከሚኒባስ ወርዶ እግሩን የሚጎትተውን ሰው አያለሁ። እናቴ ከውስጥ ሬዲዮዋን ታዳምጣለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሮዋ ግን የጎረቤት ሹክሹክታ እንኳ አያመልጠውም።

ሥራዬ ሰው ማስፈራራት ነበር። አስፈሪ ልብ ወለድ ስጽፍ ኖሬ አረጀሁ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደፋር እመስላቸዋለሁ። ውሻ እንኳ እፈራለሁ። ከውሻ ይበልጥ የምፈራው ደግሞ እናቴ መጽሐፎቼን እንዳትሰማቸው ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እውነቱን ለመናገር በሰላም ስጽፍ የኖርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሷ የወሰድኩት ነገር ነበረ፤ ስወስደውም አላስፈቀድኳትም።

የጀመርኩት አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሽመና ክፍሉ ማሽን ከመጮሁ የተነሳ ሰው በአፉ ሳይሆን በቅንድቡ ነበር የሚያወራው። ጆሮ የሚያርፈው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ጡሩምባው ሲነፋ ወጥተን አጥሩ ሥር፣ የባሕር ዛፍ ጥላ ውስጥ እንቀመጥና ምሳ ዕቃችንን እንከፍታለን። እኔ ማውራት እጀምራለሁ። ክር የሚያጠነጥኑት ሴቶች ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ይረሱት ነበር። የመመለሻው ጡሩምባ ሲነፋ ታሪኩ ካላለቀ እሰየው፣ ነገም ይመጣሉ። አልቆ ከሆነ ግን ነገ ከኔ አጠገብ የሚቀመጥ የለም። የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ ያስተማረኝ ያ ጡሩምባ ነው። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ዛሬ በየወሩ የምቀበላት ጡረታም የሱ ልጅ ናት።

ከነዚያ ሴቶች አንዷ "ለምን አትጽፈውም?" እያለች ብትነዘንዘኝ ጻፍኩና ወደ አንዲት ሳምንታዊ መጽሔት ይዤ ሄድኩ። አዘጋጁ ጋሽ ሰይፉ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከኪሳቸው ቆሎ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ ትተህ ሂድ አላሉኝም።

"ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ና፣ አብረን እናነበዋለን" አሉኝ።

በማግስቱ ስሄድ ፀሐይ አናት በሚበሳበት በረንዳ ላይ ቆመዋል። ወረቀቶቼን የበረንዳው መደገፊያ ላይ ዘርግተው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በክርናቸው ተጭነው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ።

"ለምን ፀሐይ ላይ፣ ጋሽ ሰይፉ?"

"ጨለማ ውስጥ ድመትም ታስፈራለች። ያን የሠራው ጨለማው ነው፣ ደራሲው አይደለም። እኔ የምፈልገው ላቤ እየተንጠፈጠፈ የሚያስፈራኝን ነው።"

የሰለቻቸው መስመር ላይ ሲደርሱ ከኪሳቸው አንዲት ቆሎ አውጥተው እዚያ መስመር ላይ ያስቀምጧታል። ጨርሰው ወረቀቱን ወደኔ ሲገፉት ሌላ አስተያየት የለም፣ ቆሎውን ማየት ነው። የመጀመሪያው ጽሑፌ የዶሮ መኖ የተበተነበት ግቢ መስሎ ነበር። "አስፈሪ" የሚል ቃል ካገኙ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶአቸው ወረቀቱን እስኪቀድ ይሰርዙታል። "አስፈሪ መሆኑን አንተ አትንገረኝ፤ እኔ ነኝ የምነግርህ" ይሉኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አንድ ጥያቄአቸው ነበር። ጋኔን ሊገለጥለት አንድ እርምጃ የቀረውን ሰው አቁመው "ሰውየው ምሳ በልቷል?" ይሉኛል።

"ምሳው ምን ያደርጋል?"

"ሰው መጀመሪያ ይራበው፣ ጫማው ይጥበበው፣ ሥራው ይርፈድበት። ከዚያ በኋላ ጋኔንህን አምጣው። የማላውቀውን ሰው ጋኔን ቢበላው ምን ገዶኝ?"

እስከ ዛሬ ከሳቸው የተሻለ መምህር አላጋጠመኝም። ሞገደኛ ነበሩ፣ ቢሆንም እወዳቸው ነበር።

ስለ ቀትር ግን ከሳቸው አልተማርኩም። እኛ ሰፈር ጋኔን ጨለማ አይጠብቅም። እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ወንዝ ዳሩና አመድ መድፊያው የሱ ነው። ልጆች ሳለን የተነገረን ሕግ አጭር ነበር። በቀትር ወንዝ ዳር ሆነህ ከኋላህ የሚጠራህ ድምፅ ከሰማህ ዞረህ አትይ፣ መልስም አትስጥ፤ ጋኔን የዘመድ ድምፅ ይዋሳልና። ይህን ሕግ ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። መጽሐፎቼ ሁሉ የቆሙት በሱ ላይ ነው።

መጽሔቷ ስትዘጋ ወደ መጽሐፍ ዞርኩ። መጽሐፎቼ ከየትም ይልቅ የሚሸጡት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ፣ ጀማል ሱቅ ነበር። ጀማል የስልጤ ልጅ ነው። ለጠያቂዎች ሳሙና፣ ብስኩትና ሶፍት ይሸጣል፤ የኔን መጻሕፍት ደግሞ በሲባጎ አስሮ ደጃፉ ላይ ይሰቅላቸዋል። ለታሳሪ ዘመዱ የሚገዛ አለ፣ ተራው እስኪደርስ ለራሱ የሚያነብም አለ። አዲስ መጽሐፍ ይዤ ስመጣ ጀማል ርዕሱን እንኳ አያይም።

"ጋሼ፣ ሴትዮዋ አለችበት?"

"አለች።"

"አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ሌላውን አንባቢው ይቻለው!"

ሴትዮዋ የምትባለው አንዲት ልብስ አጣቢ ናት። በመጀመሪያው መጽሐፌ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ብቅ ብላ የምታልፍ ነበረች። ጀግናው በወንዝ ዳር ሲያልፍ ያያታል፤ ጀርባዋን ሰጥታ ውሃ ውስጥ ቆማለች፣ ከእጇ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይንጠባጠባል፣ ይጠራታል፣ አትመልስም። አንባቢ ሁሉ ስለሷ ብቻ ጠየቀኝ። በሁለተኛው መጽሐፍ ሳልጠራት መጣች። ከዚያ በኋላማ የፋብሪካ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣች ቁጥር፣ እሷ ውሃው ውስጥ ናት። ዞራ ግን አታውቅም። ሰው መጽሐፉን የሚጨርሰው ትዞር ይሆናል ብሎ ነው።

አንድ አሳታሚ በዚህ ጊዜ ነው የመጣብኝ። ሆዱ የቀደመው፣ ሳቂታ ሰው ነበር። "ወንድሜ፣ ሰው ስንት ዘመን ይጠብቃት? አዙራትና ገበያውን እንቆጣጠረው!" አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ትልቁ ሽንፈቴ ያ መጽሐፍ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ጻፍኩት፣ ቀደድኩት። እስከ ትከሻዋ ድረስ ትዞራለች። ሻሿ ይታየኛል፣ ጆሮዋ ይታየኛል፣ ጉንጯ ላይ ስደርስ ግን የታጠበ ሳህን ነው፤ ምንም የለበትም። ሰው ከማያውቀው ፊት ጋር ሲታገል ምን ያህል እንደሚደክም ያየሁት ያኔ ነው። በመጨረሻ ጥርስ ሰጠኋት። እሳት የሚተፋ ዓይን ጨመርኩላት። ትል እንኳ አልቀረኝም። አሳታሚው በደስታ ጨበጠኝ፣ መጽሐፉም ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ጀማል ጠራኝና እሽጉን መለሰልኝ። ዓይኔን ማየት አቅቶት ብስኩቶቹን ያስተካክል ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ። ሰው እየሳቀ ነው የሚያነበው። አንዷ ጠያቂማ ባሌ መልሺው አለኝ ብላ ይዛው መጣች።"

"ምን ጎደለው አለ?"

"ይቺ እሷ አይደለችም ነው ያለው።"

መጽሐፉን ይዤ ጋሽ ሰይፉ ዘንድ ሄድኩ። ሥራ አቁመው፣ ታመው፣ ጋቢ ደርበው ደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ የዞረችበትን ገጽ ብቻ አነበቡ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ አንዲት ቆሎ ፈልገው አልነበረም፤ ያለውን በሙሉ አወጡና ገጹ ላይ አፈሰሱት።

"ይህችን ሴት ታውቃታለህ" አሉኝ።

"ልብ ወለድ ናት፣ ጋሽ ሰይፉ።"

"የማያውቃትን ሴት ማንም ዕድሜ ልኩን አይጽፋትም። ታውቃታለህ፣ ፊቷን ግን አላየኸውም። ሂድና እየው።"

ተናደድኩ። በሽተኛ ሰው መሆናቸውን እንኳ ረስቼ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። ቀጥሎ ቤታቸው ስሄድ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር።

በተናደድኩበት ቀን ከሳቸው ቤት ወጥቼ በእግሬ እስከ አቃቂ ወንዝ ድልድይ ሄድኩ። የማውቀውን ነገር እንደማላውቅ ሆኜ ብዙ ዘመን ኖሬ ነበር። ድልድዩ ላይ ስደርስ ግን ማስመሰሉ ደከመኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ገና ፊደል ጨርሼ ማንበብ ስጀምር፣ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ታሳድገን ነበር። አቡሽ እያልን የምንጠራው ታናሽ ወንድም ነበረኝ፣ መሄድ ከጀመረ ብዙም ያልቆየ። ወንዙ ፋብሪካው በዕለቱ የነከረውን ክር ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ የዚያን ዕለት ሰማያዊ ነበር። የምሳው ጡሩምባ ሲነፋ ከትምህርት ቤት መጣሁ፣ ቤቱ ዝግ ነው። ርቦኝ ወደ ወንዝ ወረድኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማለች። በእጇ የያዘችው አንሶላ ይንጠባጠባል። "እማዬ!" አልኳት። አልዞረችም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። አልመለሰችልኝም። ከታች በኩል ሴቶች እየጮሁ ሲሮጡ መጡ፣ አንዷ በነጠላዋ ዓይኔን ሸፍና አፍሳ ወሰደችኝ። አቡሽን ውሃው ወስዶት ነበር።

አክስቴ ቤት ከርሜ ስመለስ እናቴ እንደ ድሮዋ ልብስ ታጥባለች። ያን ቀን ማንም አላነሳውም፣ እኛም አላነሳነውም። እኔ ግን ለምን እንዳልመለሰችልኝ በልጅ አእምሮዬ አውቄው ነበር። ቀትር ነው፣ ወንዝ ዳር ነው፣ የምትጠራው ከኋላዋ ነው። ድምፄን የጋኔን ድምፅ መስሏታል ብዬ አመንኩ። ትልቅ ሰው ስሆን እንኳ ይህ እምነት አልለቀቀኝም። የገዛ እናቴ በዚያ ሰዓት እኔን ፈርታኛለች የሚለው ነገር ነው ሲያስጽፈኝ የኖረው።

አሁን ወደ ጡረታዬ ልመለስ። ከላያችን ሄለን የምትባል የልጆች እናት ትኖራለች። ቀን ቢሮ ትውላለች፣ ስትመለስ መጻሕፍት ጮክ ብላ እያነበበች በስልኳ ትቀዳና ለሕዝብ ትለቃለች። የምትቀዳው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሙቀጫ ድምፅ የማይገባበት ሌላ ቦታ የለም። የኔን መጻሕፍት እንድታነብ ስትጠይቀኝ እሺ አልኳት፤ እናቴ ዘንድ ግን እንዳይደርስ አደራ አልኩ። ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ ጨዋ ናት። ሁሉንም በተከታታይ አንብባ ስትጨርስ ግን ደጃፌ ላይ መጥታ ቆመች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቀየሙኝ። ሁሉም ላይ ቀትር ነው። ሁሉም ላይ ጡሩምባ ይነፋል፣ ወንዙ ቀለም አለው፣ አንድ ሰው ይጠራል፣ ሴትዮዋ አትመልስም። እሱን እርስዎም ያውቁታል። ግን ደግሞ የሚጠራት ሰው ሁልጊዜ ርቦታል።"

"ርቦታል?"

"ሁልጊዜ! ሽማግሌ ይሁን ወታደር፣ ምሳ ሳይበላ ነው የሚመጣው። ልብ አላሉትም?"

አላልኩትም። እሷ ከሄደች በኋላ ወንበሬ ላይ ብዙ ቆየሁ። ጋሽ ሰይፉ ምሳ ምሳ ሲሉኝ የኖሩት ትዝ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ያው ሄለን ከሥራ ስትመለስ ከሚኒባሱ ወርዳ ወደኔ ሮጠች። "ጋሼ! ሬዲዮ ወሰደን! በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የእርስዎን ሊያስተላልፉ ነው!" ደስታዋን አይቼ መቆጣት አልቻልኩም። ጣቢያውን ስጠይቃት እናቴ የማትዘጋው ጣቢያ ሆኖ ተገኘ። አደራዬ ያኔ ትዝ አላትና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በዕድሜዬ ያን ያህል ተሞኝቼ አላውቅም። እናቴ ስትተኛ ከሬዲዮው የባትሪ ድንጋዩን አወጣሁና አለቀ አልኳት። "ግዛልኛ!" አለች። ገበያ ጠፋ አልኳት። በማግስቱም ጠፋ። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች፤ በማግስቱ ልገዛ ወጣሁ ብዬ አቃቂ ድረስ በባጃጅ ሄጄ፣ ድንጋይ በሞላበት ሱቅ ፊት ለፊት ማኪያቶ ጠጥቼ፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ደጃፋችን ስደርስ ከውስጥ የሄለን ድምፅ ይሰማል። እናቴ ከጎረቤት ድንጋይ ተበድራ ኖሯል።

ጡሩምባው ተነፍቷል፣ ውሃው ሰማያዊ ነው። ሰውየው ሴትዮዋን እየጠራት ነው። የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ።

"ግባ፣ አትገተር" አለች እናቴ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ሄለን እስክትጨርስ አብረን ሰማን። ከዚያ እናቴ ቁልፉን በዳበሳ ፈልጋ ዘጋችው።

"ያንተ ነው አሉ።"

"የኔ ነው።"

"ሴትዮዋ እኔ ነኝ።"

"ነሽ፣ እማዬ።"

"ጋኔን አደረግከኝ?"

እንባዬ ቀደመኝ። ወንድሜን ለገበያ አውጥቼ የሸጥኩት መሰለኝ፣ አፈርኩም። መሬት ላይ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜ መሬት ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

"እኔ አይደለሁም ጋኔን ያደረግኩሽ። አንቺ ነሽ እኔን... ቀትር ስለነበረ፣ ድምፄ የሱ ድምፅ መስሎሽ ነው ያልመለስሽልኝ።"

ወደ ድምፄ ዞረች። የማያየው ዓይኗ ከግንባሬ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ አረፈ።

"ማነው እንዲህ ያለህ?"

"ማንም።"

"የልጄን ድምፅ ላጣው? ሰምቼሃለሁ እኮ። ሦስቱንም ጊዜ ሰምቼሃለሁ። ብዞር ከፊቴ ላይ ታነበው ነበር። ትንሽ ልጅ ነህ፣ ሌላ ሰው ይንገረው፣ ከኔ ፊት ላይ አይየው ብዬ ነው። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።"

"ከዚያ በኋላስ? ይሄን ሁሉ ዘመን?"

"ከዚያ በኋላማ አንተም አልጠየቅክ፣ እኔም አቃተኝ።" እጇ በዳበሳ ፀጉሬን አገኘው። "ያን ቀን ምሳ አልበላህም። ማን እንዳበላህም አላውቅም። እስካሁን ይከነክነኛል።"

"በልቻለሁ። ያች ዓይኔን ሸፍና የወሰደችኝ ሴትዮ ዳቦ ሰጥታኛለች" አልኳት። ስለ ዳቦው ምንም አላስታውስም።

"እሰይ" አለች። ከዚያ ሬዲዮውን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። "አሁን ታዞራታለህ ወይስ እንዲሁ ትተዋታለህ?"

"ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ፣ እማዬ። ደክሞኛል።"

"እኔም ቆሜ ደክሞኛል" አለች።

ምሳዋን አቅርቤላት በላች፣ እኔም በላሁ። ከዚያ ወደ ደጃፌ ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። እንደምጽፍ እንደማልጽፍ አላውቅም። ምንም የምፈልገው ነገር ሳይኖር ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩና "እማዬ!" ብዬ ጠራኋት።

"ወዬ" አለች።